«ቻርጅ» የሚለው ቃል ሲገጥማችሁ

«ቲኬት ቆረጠ» ስንል ማንም ቢላ አይታየውም። «ተስፋ ቆረጠ»፣ «ደመወዙ ተቆረጠበት»፣ «ለመሄድ ቆርጧል»፣ «ስልኩ ተቆረጠ» እንላለን። አንድ «ቆረጠ» ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሲዞር በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ለአፍታ እንኳ አይደናገርም፤ ከጎኑ የቆመው ቃል ትርጉሙን ይነግረዋል። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን ይህንኑ ብልሃት እንረሳዋለን። አንዱን ቃል በአንድ ትርጉም ከለመድነው፣ በሄደበት ሁሉ ያንኑ ትርጉም ይዘን እንከተለዋለን።

«ቻርጅ»ን የመረጥኩት ለዚህ ነው። በስልክ በኩል ገብቶ የቤት ልጅ ስለሆነ የምናውቀው ይመስለናል። ከዚያ በሆስፒታል ሂሳብ፣ በፖሊስ ወረቀት፣ በባንክ ደብዳቤ ወይም በፈተና ወረቀት ላይ ሲመጣ «ሞላ» ብለን ለመፍታት እንታገላለን። ሰነድ የምትተረጉሙ፣ ለዘመድ ደብዳቤ የምታነቡ፣ ለፈተና የምታጠኑ ሁሉ ከዚህ ቃል ጋር መገናኘታችሁ አይቀርም። ከታች ያለውን አካሄድ በቅደም ተከተል ተከተሉት፤ ሲለመድ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ጥቂት ነው። አንድ ደብተርና እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ያዙ፤ የኦክስፎርድም የሎንግማንም በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ከተገኘ ደግሞ የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው ይህ ሥራ ቃሉን ብቻውን አያስቀምጥም፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ነው የሚያሳየው፣ ለእኛ ጉዳይም የሚጠቅመን ይኸው ነው። የሞባይልና የኢንተርኔት ዘመን አባባሎችን ግን አትጠብቁበት።

ደረጃ 1፦ ቃሉን ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ገልብጡ

ብዙ ሰው ወረቀቱን እቤት ትቶ ቃሉን ብቻ ይዞ ይመጣል። «ቻርጅ ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀው ሰውም በመጀመሪያ የመጣለትን ይነግረዋል። የስልክ መተርጎሚያ ላይም ቃሉን ብቻውን ብታስገቡ የምታገኙት ይህንኑ ዓይነት መልስ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ከነነጥቡ በደብተራችሁ ጻፉ። ከሥሩም ወረቀቱ ከየት እንደመጣ በአንድ ቃል አስፍሩ፦ ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ባንክ፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት። ግማሹ ሥራ በዚህ ያልቃል፤ ሆቴል እንግዳውን አይከስም፣ ፖሊስ ጣቢያም የሰርቪስ ሂሳብ አያወጣም።

ደረጃ 2፦ ማን በማን ላይ ምን ጫነ?

«ቻርጅ» በሥሩ «ጫነ» ነው። ይህን አንድ ነገር ያዙ፤ የተበታተነ የሚመስለው ትርጉም ሁሉ ወደ አንድ በረት ይገባል። ባትሪ ላይ ኃይል ይጫናል። ደንበኛ ላይ ሂሳብ ይጫናል። ተጠርጣሪ ላይ ክስ፣ ሹም ላይ ኃላፊነት ይጫናል። ዲፕሎማቶች ከፈረንሳይኛ የወሰዱት፣ እኛ «ጉዳይ ፈጻሚ» የምንለው ማዕረግ እንኳ ቃል በቃል ሲፈታ ጉዳይ የተጫነበት ሰው ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ጫኙ ማን ነው? የተጫነበት ማን ነው? ጭነቱስ ምንድን ነው? ጭነቱ ብር ወይም ዶላር ከሆነ «አስከፈለ» ነው። ወንጀል ከሆነ «ከሰሰ»፣ ኃይል ከሆነ «ሞላ»፣ ሥራ ከሆነ «ኃላፊነት ጣለበት» ወይም «አደራ ሰጠው» ይሆናል። ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቃችሁ ጭነት ካላገኛችሁ፣ ይልቁንም አንድ ነገር ወደ ሌላው እየሮጠ ከሆነ፣ ያ የጥቃት «ቻርጅ» ነው፦ በሬው ቀንዱን አሹሎ ተንደርድሮ መጣ። እዚህ «አጠቃ» ብቻ ብትሉ ሩጫውን ታስቀሩታላችሁ፤ «ሮጠ» ብትሉ ደግሞ ቁጣው ይቀራል። «ተንደርድሮ መጣበት» ሁለቱንም ይይዛል።

የፊዚክስ ተማሪዎች ብዙ አትቸገሩም። የእናንተ ቃል በአማርኛ «ሙል» ነው፤ አዎንታዊ ሙል፣ አሉታዊ ሙል። ይህ ሙል የነገሩ ጠባይ እንጂ አንድ ሰው የሠራው ሥራ ስላልሆነ «ማን ጫነ» የሚለው ጥያቄ አይመለከተውም።

ደረጃ 3፦ ከኋላው ያለውን ትንሽ ቃል ያዙ

ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ደረጃ ሳልነግረው ያውቀዋል። ግዕዝ ሲማሩ ግስ ብቻ አይበቃም፤ ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ አገባብ እየተባለ ትንንሾቹ ቃላት ለብቻ ይጠናሉ፣ ምክንያቱም የዓረፍተ ነገሩን መንገድ የሚያጥፉት እነሱ ናቸው። በእንግሊዝኛም ያው ነው። «ቻርጅ» ያለውን ስታዩ ዐይናችሁን ወደ ቀኝ አንሸራትቱ።

«ፎር» ከተከተለው ገንዘብ ነው። «ዜይ ቻርጅ ፎር ፓርኪንግ» ማለት ለመኪና ማቆሚያ ያስከፍላሉ ነው። «ቱ» ከተከተለው የሚከፈልበት ቦታ ተጠቁሟል፦ ሆቴል ውስጥ «ቻርጅ ኢት ቱ ማይ ሩም» ማለት በክፍሌ ሂሳብ ላይ መዝግቡልኝ ነው እንጂ ክፍሌ ድረስ አምጡልኝ አይደለም። «አት» ከተከተለው በሬውን አስታውሱ።

አስቸጋሪው «ዊዝ» ነው፤ ሦስት በር ይከፍታልና። ቀጥሎ ወንጀል ከመጣ ክስ ነው። ቀጥሎ ሥራ ከመጣ ኃላፊነት ነው። ቀጥሎ ስሜት ከመጣ ደግሞ መሞላት ነው፤ ቁጣ የሞላበት ድምፅ፣ ውጥረት የነገሠበት አዳራሽ እንደምንለው። «ኤ ኮሚቲ ቻርጅድ ዊዝ ድራፍቲንግ ዘ ሎው» የሚለውን «ሕጉን በማርቀቅ የተከሰሰ ኮሚቴ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ይኖራል፤ ሳቅ ያመጣል፣ ግን ስህተቱ ለመሥራት ቀላል ነው። ሕጉን እንዲያረቅ ኃላፊነት የተሰጠው ኮሚቴ ማለት ነው። «ዊዝ» ላይ አትቁሙ፤ ሁልጊዜ አንድ ቃል አልፋችሁ አንብቡ።

ከፊቱ «ኢን» ካለ ሹመት ነው፣ ግን አንዲት መጠንቀቂያ አለች። «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ያለ ሰው ኃላፊው ነው። በመካከል «ዘ» ገብታ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ከሆነች ግን ሹሙ ተገለበጠ፤ ሰውዬው በሌላ ሰው ጥበቃ ሥር ነው ማለት ነው። አንዲት ፊደል የምታህል ቃል ጠባቂውን ተጠባቂ ታደርገዋለች። ፈተና አውጪዎች ይህችን ይወዷታል።

ደረጃ 4፦ ገንዘብ ከሆነ ጎረቤቶቹን ለዩ

እዚህ የምትፈልጉት ተመሳሳይ የሚባሉትን ቃላት ነው፤ ሁሉም ግን የየራሳቸው ደጃፍ አላቸው። «ፕራይስ» የዕቃ ዋጋ ነው፤ ሸሚዝ «ፕራይስ» አለው፣ «ቻርጅ» የለውም። «ፊ» ለባለሙያና ለተቋም የሚከፈል ነው፦ የጠበቃ፣ የትምህርት ቤት፣ የማመልከቻ። «ፌር» የመጓጓዣ ታሪፍ ነው። «ቶል» የመንገድ ክፍያ ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የሄደ ሰው የከፈለውን ማለት ነው። «ፋይን» ቅጣት ነው፤ «ቻርጅ አደረጉኝ» እና «ቀጡኝ» አንድ አይደሉም፣ አገልግሎት አግኝቶ መክፈልና አጥፍቶ መክፈል ይለያያል።

«ኮስት» እና «ቻርጅ» የሚለያዩት በባለቤታቸው ነው። ዕቃው ነው «ኮስት» የሚያደርገው፤ ሻጩ ነው «ቻርጅ» የሚያደርገው። ጫማው 2,000 ብር ፈጀብኝ ስንል የመጀመሪያው፣ ጫማ ጠጋኙ 200 ብር አስከፈለኝ ስንል ሁለተኛው። ይህን ማደባለቅ ሰዋስው ብቻ አያበላሽም፣ ክብርም ይነካል። ልብስ ሰፊን ወይም መካኒክን «ሀው መች ዱ ዩ ቻርጅ?» ብትሉት «ስንት ያስከፍላሉ?» ብላችሁታል። «ሀው መች ዱ ዩ ኮስት?» ካላችሁት ግን «ስንት ያወጣሉ?» ነው የሆነው፤ ያንን ለሰው አንልም።

ስለ «ሰርቪስ ቻርጅ» አንድ ነገር ልጨምር። ጉርሻ አይደለም፤ ጉርሻ በፈቃድ ነው፣ ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሂሳቡ ላይ ተጽፎ የሚመጣ ግዴታ ነው። አገር ቤት 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለብቻ የሚጨምር ሆቴል ከገጠማችሁ፣ ታክሱ ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ስለሚሰላ 1,000 ብር የተባለው ምግብ 1,265 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው 1,250 ብር ብሎ ይቆጥርና ከአስተናጋጁ ጋር ይጨቃጨቃል።

ደረጃ 5፦ የፍርድ ቤት ወረቀት ከሆነ ቀስ በሉ

እዚህ ስህተት ሰው ያስከፍላል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

በአማርኛ ሦስት ቃላት አሉን፦ ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ። ፖሊስ የያዘው ተጠርጣሪ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሰርትበት ተከሳሽ ይሆናል። ፍርድ ቤት ሲፈርድበት ጥፋተኛ ይባላል። «ቻርጅድ» በትክክል የመጀመሪያውን አጥር መሻገር ነው፤ ከተጠርጣሪነት ወደ ተከሳሽነት። «አሬስትድ» ከአጥሩ ወዲህ ነው፣ «ኮንቪክትድ» ከአጥሩ ወዲያ። ዜና ስትተረጉሙ «ቻርጅድ ዊዝ መርደር» የሚለውን «በነፍስ ግድያ የተቀጣ» ብትሉ ገና ያልተፈረደበትን ሰው ፈረዳችሁበት።

አሁን ተመሳሳይ የሚባሉትን እንይ። «አኪዩዝ» ማንም ሰው ማንንም ሊያደርገው የሚችለው ነው፤ መወንጀል። እናት ልጇን ስኳር ሰረቅህ ብላ «አኪዩዝ» ታደርጋለች፣ «ቻርጅ» ግን አታደርግም፤ እሱ የመንግሥት ሥልጣን ነው። «ሱ» የፍትሐ ብሔር ክስ ነው፤ ጎረቤት በድንበር፣ ተከራይ በውል የሚካሰሱበት። «ኢንዳይት» በአሜሪካ «ግራንድ ጁሪ» የሚባለው የዜጎች ሸንጎ ማስረጃውን ተመልክቶ የሚያጸድቀው መደበኛ የወንጀል ክስ ነው። አማርኛችን «ክስ» ብሎ የወንጀሉንም የፍትሐ ብሔሩንም ስለሚይዝ፣ ከእኛ ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ እንሳሳታለን። «ጎረቤቴን ከሰስኩት» የሚለውን «ቻርጅ አደረግሁት» ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢው ወይ ገንዘብ ተቀበልክ ወይ ዐቃቤ ሕግ ነህ ብሎ ይረዳል። ትክክሉ «ሱ» ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ እኛ ስትመጡ ደግሞ «የወንጀል ክስ» ወይም «የፍትሐ ብሔር ክስ» ብላችሁ ለዩት፤ አንድ ቃል መጨመር አያስነውርም።

የራሴን ስህተት ልናገር። አንድ ጊዜ «ሪሊስድ ዊዝአውት ቻርጅ» የሚል ሐረግ ገጠመኝና «በነፃ ተለቀቀ» ብዬ ጻፍኩ። «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» ያለ ክፍያ ማለት እንደሆነ ስለማውቅ እጄ ወደዚያ ሄደ። ስህተቱ ድርብ ነበር። ሐረጉ ስለ ገንዘብ አያወራም፤ «ክስ ሳይመሰረትበት ተለቀቀ» ማለት ነው። «በነፃ ተለቀቀ» ደግሞ በአማርኛ ክሱ ተሰምቶ፣ ፍርድ ቤት መርምሮ ያሰናበተው ሰው ነው። ያልተከሰሰውን ሰው ከስሼ፣ ፈርጄ፣ በነፃ አሰናበትኩት። ወረቀቱን ያየልኝ የሕግ ባለሙያ ባይመልሰው ኖሮ እንዲሁ ይሄድ ነበር።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፦ ለዜግነት የሚሞላው የኤን-400 ቅጽ ስለ መያዝ፣ ስለ «ሳይቴሽን» ማለትም የጥሰት ወረቀት ስለ መቀበልና ስለ መከሰስ ይጠይቃል። «ቻርጅድ» የሚለውን «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ብሎ የተረዳ ሰው ክሱ ስለተቋረጠለት «አይ» ብሎ ይመልሳል። ክሱ ቢቋረጥም መመስረቱ ግን ተመስርቷል። ጥርጣሬ ካለ ከመፈረም በፊት ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ማሳየት ነው፤ ይህን የትርጉም እውቀት ብቻ አይፈታውም።

ደረጃ 6፦ ሰው ከሆነ «አደራ» የሚለውን ሞክሩ

«ሀር ቻርጅስ» የሚል ሐረግ ስለ ሞግዚት ወይም ስለ አሳዳጊ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ካያችሁ ክሶቿም ሂሳቦቿም አይደሉም፤ በአደራ የተሰጧት ልጆች ናቸው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ሰውየውን ራሱን ጭነት አድርጎታል፤ አማርኛ ደግሞ «አደራ» የሚል የበለጠ ሞቅ ያለ ቃል አለው፣ ተጠቀሙበት። ቆየት ባሉት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ውስጥም «ቻርጅ» አጥብቆ ማዘዝና አደራ ማለት ሆኖ ይመጣል።

ሆስፒታል ውስጥ «ቻርጅ ነርስ» የሚባሉ አሉ። ሂሳብ ተቀባይ የሚመስላቸው ሰዎች ስለ ክፍያ ሊጠይቋቸው ይሄዳሉ። በየፈረቃው የነርሶቹ ኃላፊ ናቸው፤ ሕመምተኛችሁ ተገቢውን እንክብካቤ አላገኘም ብላችሁ ካሰባችሁ ግን መሄድ ያለባችሁ በትክክል ወደ እነሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ቅጥያውን አትዝለሉ

«ዲስቻርጅ» የጫነውን ማውረድ ነው። ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ወታደር ከሠራዊት ሲሰናበት፣ ዕዳ በኪሳራ ሕግ ሲሰረዝ፣ ባትሪ ሲያልቅ ሁሉም «ዲስቻርጅ» ነው። ከቁስል ወይም ከሰውነት የሚወጣ ፈሳሽም እንዲሁ ይባላል። ሐኪም «ኤኒ ዲስቻርጅ?» ብሎ ሲጠይቅ «መቼ ነው የምወጣው?» ብሎ የሚመልስ ሕመምተኛ አለ። «ኦቨርቻርጅ» ከልክ በላይ ማስከፈል፣ «ሰርቻርጅ» በላዩ የሚጨመር ክፍያ ነው።

ከሁሉ የሚያታልለው «ቻርጅ ኦፍ» ነው። አንዲት እናት ከአበዳሪያቸው የመጣ ደብዳቤ ይዘው እየሳቁ መጡ፤ «ልጄ፣ ዕዳዬን አነሡልኝ መሰለኝ» አሉ። «ኦፍ» የሚለውን አይተው ነው፤ መብራት ኦፍ እንደሚባለው ጠፍቶልኛል ብለው። ቃሉ ግን የሒሳብ አያያዝ ቃል ነው። በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ 180 ቀን ሳይከፈል ሲቆይ አበዳሪው በራሱ መዝገብ ላይ እንደ ኪሳራ ይጽፈዋል። ተበዳሪው አሁንም ዕዳው አለበት፤ ለዕዳ ሰብሳቢም ሊሸጥ ይችላል፣ በክሬዲት ታሪክ ላይም እስከ 7 ዓመት ሊቆይ ይችላል። «እንደ ኪሳራ ተመዘገበ፣ ዕዳው ግን አልተሰረዘም» ብላችሁ በሁለት ሐረግ ተርጉሙት። በአንድ ቃል ለመጨረስ መጣደፍ እዚህ ጉዳት ነው። ለእኚያ እናት ይህን መንገር ቀላል አልነበረም።

ደረጃ 8፦ ተክታችሁ ፈትኑ

ትርጉሙን ከመረጣችሁ በኋላ በ«ቻርጅ» ቦታ አንድ ቀለል ያለ የእንግሊዝኛ ቃል ተኩ፦ ለገንዘብ «ቢል»፣ ለክስ «አኪዩዝ»፣ ለኃይል «ፊል»፣ ለጥቃት «ራሽ»፣ ለኃላፊነት «ኤንትረስት»። ዓረፍተ ነገሩ ካልተንገዳገደ ትርጉሙን አግኝታችኋል። ሁለት ቃላት ከገጠሙ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፤ ትንሿን ቃል አልፋችኋታል ማለት ነው። ይህ መፈተኛ እንጂ መጻፊያ አይደለም፤ ቅድም እንዳየነው «አኪዩዝ» እና «ቻርጅ» ፍርድ ቤት ውስጥ አይለዋወጡም።

ከዚያ አማርኛውን እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው አንብቡለት። «እንዴት?» ካለ አልጨረሳችሁም።

ደረጃ 9፦ በደብተሩ በተቃራኒውም ጻፉ

በአማርኛችን ውስጥ የገባው «ቻርጅ» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ አይታወቅም። «ቻርጅ አለህ?» የምንለው ዕቃውን ነው፤ በእንግሊዝኛ «ቻርጀር» በሉ። «ቻርጄ አለቀ» የሚለውን እነሱ «ማይ ፎን ኢዝ ዴድ» ይሉታል፤ ለእኛ ግን ስልክ ዘጋ እንጂ አልሞተም። ስለዚህ ደብተራችሁ ሁለት ዓምድ ይኑረው፦ በግራ ከእንግሊዝኛ የመጣው፣ በቀኝ ከእኛ የሚሄደው። እያንዳንዱን ትርጉም ከነዓረፍተ ነገሩና ወረቀቱ ከመጣበት ቦታ ጋር ጻፉ። ባዶ ዝርዝር በሳምንቱ ከጭንቅላት ይወጣል።

መለማመጃ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ፤ ምናልባት ማንም ሆስፒታል በዚህ መልክ ጽፎት አያውቅም፣ ግን ሦስት ደጃፎችን በአንድ ጊዜ ያስከፍታችኋል። «ዘ ቻርጅ ነርስ ዊል ኤክስፕሌን ዘ ቻርጅስ ቢፎር ዲስቻርጅ።» ወደ ታች ሳታዩ ሞክሩት።

«ከሆስፒታሉ ከመውጣትዎ በፊት የተረኛ ነርሶቹ ኃላፊ ሂሳቡን ያስረዱዎታል።»